ኤሌክትሮን ይዘን ኦቾሎ ወጣን

አርባ ምንጭ ውስጥ የሚቸኩል ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ባጃጅ ነጂ ነው። እኛ ሌሎቻችን ሙቀቱን እያመካኘን ቀስ እንላለን። ከሴቻ ወደ ሲቀላ ስንወርድ ትንሽ ብንፈጥን ቁልቁለቱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። እኔ ራሴ ቀጠሮ ላይ ግማሽ ሰዓት ካልዘገየሁ የመጣሁ አይመስለኝም። ታዲያ ከዚህ ከተማ፣ ያውም ከእኔ ዘር፣ ዓይን ሳይርገበገብ አልቆ የሚያድር ነገር የሚለካ ልጅ መውጣቱ አይገርምም?

ልጁ ታሪኩ ይባላል፤ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ለዶክትሬቱም ይማራል። ምን እንደሚያጠና ስትጠይቁት፣ “በብረታ ብረት ገጽ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖችን እጅግ ፈጣን እንቅስቃሴ” ይላችኋል። እናቱ ይህን ስትሰማ “አሜን” ትላለች። ጸሎት የምታበዛ ሴት ናት፤ ረዘም ያለና ያልገባት ነገር ሁሉ ቡራኬ ይመስላታል።

እኔ ግን አሜን ብዬ ማለፍ አልችልም። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኛ። ጸጉሬ እስኪሸብት ድረስ ኤሌክትሮንን ሰሌዳ ላይ ትንሽ ኳስ አድርጌ እየሳልኩ ሳዞረው ኖሬአለሁ። ታሪኩ ሥራውን መጀመሪያ የነገረኝ ቀን ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። መምህር ራሱን የሚነቀንቀው አንድም ሲገባው ነው፣ አንድም ሳይገባው። ሁለቱን የሚለይ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። አንድ ቁራሽ መዳብ ትወስዳለህ። እንደ መስታወት አድርገህ ታጸዳዋለህ። ከዚያ በብርሃን መታ ታደርገዋለህ። አንዱ ኤሌክትሮን ደንግጦ ከቤቱ ብድግ ይላል፣ ደጃፉ ላይ ትንሽ ይንሳፈፍና ተመልሶ ይገባል። ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጥቂት ፌምቶ ሰከንድ። ፌምቶ ሰከንድ ምን ያክላል? አንድን ሰከንድ ለጥጠህ ለጥጠህ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ብታደርሰው፣ ያኔ ፌምቶ ሰከንዱ አንድ ሰከንድ ገደማ ይሆንልሃል። እኔ ይህን ስሰማ ወደ ክፍል ለመግባት የምፈጀውን ጊዜ አስቤ አፈርኩ።

እዚህ ድረስ የዘመድ ወሬ ነው። ጣጣው የመጣው ልጁ ሚስት ላግባ ሲል ነው።

አስቴር ከከተማው በላይ፣ ደጋው ላይ ያለችው የኦቾሎ ልጅ ናት፤ እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ ብዬ እፎክር ነበር፤ ኋላ ስሰማ ከኔ በፊት ተገናኝተው ነበር። አባቷ አቶ ማልዳዬ ሸማኔ ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አዲስ አበባ ወርደው ሸማ ይሠራሉ፤ ለመስቀል ካልሆነ አይመጡም። የቀረችው አስቴር ብቻ ናት። በዚያ ላይ የአባቷ እህት አንድ የካምባ ነጋዴ አይተውላታል። ነጋዴው አይሱዙ አለው። እኛ ደግሞ ያለን ኤሌክትሮን ነው።

ሽማግሌ ሆነን የተመረጥን ሁለት ነን። አንዱ ጋሽ ሻኖ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጡረተኛ ነው፤ ከራባቱን ሳያስር ከቤት አይወጣም፤ ልጅ ጠይቆ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም፣ ወይም እንደዚያ ይላል። ሁለተኛው እኔ ነኝ። እኔ የተመረጥኩት በሽምግልናዬ አይደለም። “ልጁ ምንድነው ሥራው?” ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው ስለጠፋ ነው።

ወደ ኦቾሎ የተሳፈርንበት ፒካፕ ዳገቱን ሲጀምር ጋሽ ሻኖ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ ምንም ቢመጣ ብረት የሚባል ነገር አፌ እንዳይወጣ አስጠነቀቀኝ።

ለምን እንዳለኝ ለመረዳት የእኛን አገር ማወቅ ነው። ድሮ እዚህ ደጋ ላይ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ከገበሬውና ከሸማኔው ቤት ጋር አይጋባም ነበር። ማረሻውን ይሠራላቸዋል፤ ልጃቸውን ግን አይሰጡትም። አሳፋሪ ነገር ነው፤ ሳስበው ይቆጨኛል። ዛሬ ቀርቷል ይባላል። እውነትም በስብሰባ ላይ ቀርቷል፣ በቤተ ክርስቲያን ስብከት ላይ ቀርቷል። ሽማግሌ የተላከ ዕለት ግን ያ ልማድ የት ተደብቆ እንደቆየ አይታወቅም። ጋሽ ሻኖ፣ ልጃችን ብረት ላይ ይሠራል ብለህ ካወራህ፣ አቶ ማልዳዬ የሚሰሙት ብረት የሚለውን ብቻ ነው፤ ዶክትሬቱን ወናፍ ያደርጉታል አለኝ። እኔም ሦስት ሺህ ኪሎ ብረት እየነዳ የሚመጣውን ባለ አይሱዙ ማንም ቀጥቃጭ አላለውም ብዬ ተከራከርኩ። እሱ መኪና ነው አለኝ። በዚህ ተስማማን። በእርግጥ እኔ አፍሬ ነው የተስማማሁት።

እስቲ አስቡት። በብረት ገጽ ላይ ስላለ ኤሌክትሮን፣ ብረት የምትለዋን ቃል ሳትነኩ ተናገሩ።

አቶ ማልዳዬን ያገኘናቸው የሸማ ዕቃቸው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ነው። እጃቸው አላቆመም። ጉዳያችንን ጋሽ ሻኖ አሳምሮ አቀረበ፤ ከራባቱን እየነካካ፣ በጋሞኛ ጀምሮ በጋሞኛ ጨረሰ። ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ልጁ ብርሃን እንደሚያጠና ተናገርኩ። ብርሃኑን ምን ላይ ነው የሚያበራው አሉ። ነገር ላይ አልኩ። ምን ነገር? ደረቅ ነገር አልኩ። ደረቅ ነገር ሲባል? እንግዲህ ያልበኝ ጀመር። ደረቅ ሆኖ፣ ጠንከር ያለ፣ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል ነገር አልኩ። መወርወሪያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። ሚስታቸው እትዬ ባሎቴ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝ። ጋሽ ሻኖም አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

አቶ ማልዳዬ መወርወሪያቸውን እንደገና እየወረወሩ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ደግሞ ኑ አሉ። መቼ እንደምንመጣ አልተናገሩም። ቆጮና ዳጣ ቀረበልን፣ በላን፣ ወረድን።

ጋሽ ሻኖ የመጀመሪያ ቀን መልስ አይሰጥም፣ ደንብ ነው ብሎ አጽናናኝ። እኔን ግን ይህ ደንብ ሁልጊዜ ያበሽቀኛል። ሰጡ ወይ አልሰጡ፤ ምን ያመላልሳል?

ታሪኩ ጫሞ ዳር አሳ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። ያየሁትን ነገርኩት። ይናደዳል ስል ፊቱ በራ። “ጋሼ፣ እኛም እኮ የምንለካው እንደዚህ ነው” አለኝ።

ከበላው አሳ አንድ አጥንት አነሳና ጠረጴዛው ላይ ሁለት መስመር አሰመረ። አንድ ብርሃን ብቻ ልከህ ምንም አታይም አለኝ። የመጀመሪያው ብርሃን መቀስቀሻ ነው፤ ሄዶ ይመታል፣ ኤሌክትሮኑን ያስደነግጠዋል። ሁለተኛው ነው የሚያየው። ከኋላ ተከትሎ ሄዶ፣ የተነሳው የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል። ዋናው ጥበብ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ሁለተኛውን ቶሎ ከላክኸው ገና ምንም አልሆነም። ካዘገየኸው ደግሞ ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሶ የምታየው የተረጋጋ መዳብ ብቻ ነው፤ ምንም ያልተፈጠረ ይመስልሃል።

አሳውን የሚጠብሰው ሰውዬ ከኋላችን ይሰማ ነበር። አዞም እንደዚሁ ነው አለ። ሲነክስ ያየ የለም፤ ውሃው ከረጋ በኋላ ሄደህ ብታይ ከፍየሎቹ አንዷ የለችም። ታሪኩ ደስ ብሎት ልክ ነው አለው። እኔም ነቀነቅኩ። ይህኛው የገባኝ ዓይነት ነው።

ያልተስማማንበት ክፍተቱ ላይ ነው። ጀርመን አገር አንድ መለኪያ መሣሪያ አለ፤ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ተራ ይጠብቅለታል። የታሪኩ ተራ ደርሶ በሦስት ሳምንት ውስጥ መሄድ አለበት። ጋሽ ሻኖ ከወር በፊት ተመልሶ መሄድ የራበው ያስመስላል አለ። ታሪኩ ወር ከቆየን ሁሉም ይረጋጋል አለ። ባለ አይሱዙው ደግሞ በየሳምንቱ ኦቾሎ እየወጣ ነው አልኩ እኔ። ተጨቃጨቅን። አሳው ቀዘቀዘ።

እኛ እንዲህ ስንጨቃጨቅ ሰንብተን፣ አስቴር መልእክት ይዛ መጣች። አባቷ፣ “ያን ደረቅ ነገር የሚነካውን ልጅ ራሱን ይዛችሁ ቅዳሜ ኑ” ብለዋል። ጋሽ ሻኖ ተቀየመ። የልጅቱ ወገን ሽማግሌ ሲጠራ አይቼ አላውቅም አለ። ከራባቱን ግን አሰረ።

ቅዳሜ ስንደርስ ቤቱ ጎረቤት ሞልቶታል። አስቴርም በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። አቶ ማልዳዬ ከጉድጓዱ ወጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነገሩን ያወቅነው ያኔ ነው። እኔ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ቀዝቃዛ ነገር ብዬ ከሄድኩ በኋላ ኦቾሎ ስምንት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። አንዱ እንጨት ነው አለ። እንጨት ቀዝቃዛ አይደለም ተባለ። ሌላው ድንጋይ ነው አለ፤ ድንጋይስ መምህሩ ለምን ይደብቃል ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት አገኘችው። አጥንት ነው። በአጥንት ላይ ብርሃን የሚያበሩ ሰዎች ከተማ ሆስፒታል አይታለች። ያ ራጅ ነው፣ ደህና ሥራ ነው ብሎ የተከራከረም ነበር። እትዬ ባሎቴ ግን አልተቀበሉም። ራጅ በቆመ ሰው ላይ ነው፤ መምህሩ “ደረቅ” ነው ያለው አሉ። ስለዚህ ስምንት ቀን ሙሉ ልጄን የጠየቀው የሙታን አጥንት እያገላበጠ የሚያድር ሰው ነው ብለው ሲጸልዩ ሰነበቱ። ሁሉም በእኔ ምክንያት።

አቶ ማልዳዬ ልጁን ወደ ራሳቸው አቅርበው፣ ያ ደረቅ ነገር ምንድነው ብለው ጠየቁት። ጋሽ ሻኖ ሳለ። እኔም ሳልኩ። ታሪኩ ግን መዋሸት የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም፤ በልጅነቱ የሰበረውን ብርጭቆ ስብርባሪ ይዞ እናቱ ዘንድ የሚሄድ ልጅ ነበር።

“ብረት ነው አባባ” አለ። “ብዙውን ጊዜ መዳብ።”

ጋሽ ሻኖ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ወደ ፒካፑ ስንት እርምጃ እንዳለ አሰላሁ።

እትዬ ባሎቴ “ተመስገን” አሉ። ከዚያ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተመስገን ማለት ጀመሩ። አጥንት አይደለም፤ ብረት ነው! አንዷ እልል ልትል ስትል ባሏ ገና ነው ብሎ ያዛት። አቶ ማልዳዬም ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩና ፊት ለፊት ነገሩኝ። ያን ቀን ብረት ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ አልሰጥም ብዬ እመልሳችሁ ነበር፣ ልቤ እንደዚያ ነበር አሉ። ስምንት ቀን አጥንት ሲሆንብኝ ከርሞ ዛሬ ብረት ሲባል ዘመዴ የመጣ ነው የመሰለኝ። ይህን መዘውር የሠራልኝስ ማን ሆነና ነው? አባቴም እኔም ስንት ዓመት በቀጥቃጩ እጅ ሥራ ስንጠቀም ኖረን እጁን ስንንቅ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ወረደ። ማፈራቸው ነበር። እኔ ደግሞ ከእሳቸው ይልቅ አፈርኩ፤ ቃሏን የደበቅኋት እኔ ነኛ።

ታሪኩ ሥራውን እንዲያስረዳቸው ጠየቁት፤ በብርሃን ተመትቶ ከቤቱ ስለሚነሳው ኤሌክትሮን ነገራቸው። ያን ያህል ፈጣን ነገር በዓይን ካልታየ እንዴት ታውቀዋለህ አሉት። እሱ መልስ ሳይጀምር ራሳቸው መለሱት። እኔም መወርወሪያዬን ሲያልፍ አላየውም፤ ጨርቁን አይቼ ነው በደንብ ማለፉን የማውቀው አሉ። የኔ ሃያ ዓመት ኳስ መሳል በዚህች ዓረፍተ ነገር ተሰረዘ።

ከዚያ አቶ ማልዳዬ ጎንበስ አሉ። የጠሩን ለዚህ ጥያቄ እንደነበር ከፊታቸው ይታያል።

“ያ ከቤቱ የሚነሳው ይመለሳል ወይ?”

ጋሽ ሻኖ በክርኑ ጎሸመኝ። ይመለሳል ብሎ እንዲመልስ ልጁን ጥቀሰው ማለቱ ነው። እኔም ጠቀስኩ። ታሪኩ አላየኝም። አብዛኛው ይመለሳል አለ፤ ወዲያው ይመለሳል። ነገር ግን አንዱ ብረት ከሌላ ነገር ጋር በሚገናኝበት ድንበር ላይ፣ ተሻግሮ እዚያው የሚቀርም አለ።

አስቴር ከበሩ ሳትንቀሳቀስ፣ የሚቀረው ለምን እንደሚቀር ጠየቀችው። ወዲያ ማዶ ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘ ነው አላት። አባቷ ይህን ሲሰሙ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ አባያ አዩ። ከኦቾሎ ሁሉም ነገር ዝቅ ያለ ነው። ከተማው ዝቅ ያለ ነው፣ ሐይቁ ዝቅ ያለ ነው፣ ልጆቻቸው የወረዱትም በዚያው ቁልቁለት ነው።

“አንተስ?” አሉት። “እሷን ይዘህ ስትሻገር?”

እኔ በዚያች ሰዓት የሰው ልጅ ሁሉ እንዲዋሽ ተመኘሁ። ታሪኩ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ለሱ ሥራ ስንት ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ እንጃ።

“አላውቅም አባባ” አለ። “እስካሁን የለካሁት መዳብ ነው። ራሴን አልለካሁም።”

አቶ ማልዳዬ ልጁን አዩት፤ ልጃቸውንም አዩ።

“እንግዲያው ሂድና ተለካ” አሉ። “ስትመለስ ሽማግሌዎችህ ይምጡ። ያኔ መልሴን እናገራለሁ።”

ሄደ። አምስት ሳምንት ቆየ። እህቴ በየቀኑ ትጸልያለች፣ እኔ ክፍል ውስጥ እየቃዠሁ አስተምራለሁ። አስቴር በአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ከኔ ትይዩ ቁጭ ብላ ደብተር ታርማለች። ምን ሰማሽ ስላት ደህና ነው ትላለች። ዓይኗ ግን ደብተሩ ላይ አልነበረም፤ አንድ ቀን ትክክለኛ መልስ ላይ ኤክስ ስታደርግ አየኋት።

የሚመለሰው አርብ ነበር። አርብ አውሮፕላኑ አረፈ። እህቴ ዶሮ ሠርታ ጠበቀች። አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። የአስቴር ስልክም አይሠራም። ቅዳሜ ጠዋትም የለም። ጋሽ ሻኖ እቤታችን መጣና ሳይቀመጥ “ቀረ” አለ። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜን አላለችም። እኔ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሬ የማውቀው ሰው፣ አልክድም፣ ቀርቷል ብዬ አመንኩ። ያንን የጀርመን መሣሪያ እረግመው ጀመር።

ነገውኑ ኦቾሎ እንውጣ አልኩ። ምን ልንል አለ ጋሽ ሻኖ። ይቅርታ ልንል አልኩት። ትንሽ እናዘግየው፣ ሐዘኑ ይብረድ አለ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እያመነታን ወጣን። በመንገድ ሙሉ የይቅርታ ንግግር አሰናዳን። እሱ ስለ ዘመኑ ልጆች ክፋት ይጀምራል፣ እኔ ስለ ኤሌክትሮን ድንበር መሻገር አጠቃልላለሁ። ጋሽ ሻኖ ከራባቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግቢው ጸጥ ብሏል። አቶ ማልዳዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሀለኮ ቅጠል ወጥ በቆጮ ይበላሉ። ራሳችንን ዝቅ አድርገን ቆምን። ጋሽ ሻኖ፣ አባቴ፣ ልጃችን አሳፍሮናል ብሎ ጀመረ።

ከቤት ውስጥ የሆነ ነገር ተበጠሰ። ከዚያ የአስቴር ሳቅ ተሰማ።

ገብተን አየን። ታሪኩ የሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ ጉልበቱ ድረስ ተቀምጧል። ድሩ እግሩ ላይ ተተብትቧል። የጀርመን ሻንጣው ግድግዳው ጥግ ሳይከፈት ቆሟል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ በቀጥታ፣ እናቱን እንኳ ሳያይ፣ ወደዚህ ነው የወጣው። ስልኩ ተዘግቶበት እናቱ ጋ አስቴር ትደውልልኛለች ብሎ፣ አስቴርም እሱ ደውሏል ብላ፣ ማንም ሳይደውል ቀረ። ይህን እህቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችም።

አቶ ማልዳዬ እጃቸውን እየጠረጉ ከኋላችን መጡ።

“ምነው ዘገያችሁ?” አሉን። “ነገሩ እኮ አርብ አልቋል።”

እኛ ያየነው የተረጋጋ ቤት ብቻ ነበር። ምን እንደተባለ፣ ማን ምን እንደመለሰ፣ አቶ ማልዳዬ እሺ ሲሉ ፊታቸው እንዴት እንደነበር ምንም አላየንም። አስቴርን ብጠይቃት፣ ጋሼ ቶሎ ነው ያለቀው አለችኝ። ንግግራችንን ይዘን ቆጮ በላን።

ስንወርድ ጋሽ ሻኖ ከራባቱን ከኪሱ አውጥቶ በፒካፑ መስታወት እያየ አሰረ። ቋጠሮውን ሲያስተካክል ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

“አየህ?” አለኝ። “ትንሽ እናዘግየው ያልኩህ ለዚህ ነበር።”